ማንም ያልሆነችው ሴት

ፊላደልፊያ ውስጥ የምንከባከባቸው አዛውንት ዓይናቸው ደክሟል። ሐሙስ ከሰዓት፣ መድኃኒታቸውን ሰጥቼ የምሳውን ዕቃ ካነሣሁ በኋላ፣ ከአልጋቸው ሥር አንድ የቆርቆሮ ሣጥን አወጣላቸዋለሁ። ውስጡ በትንንሽ የወረቀት ኪስ የተከተቱ አሮጌ ሳንቲሞች አሉ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በብረት ሥራ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ ቅርጽ ሲያወጡ፣ ሲሞርዱ ኖረዋል። ሳንቲም ሲይዙም አያያዛቸው የባለሙያ ነው። ጠርዙን በጥፍራቸው ይዳስሳሉ፣ ክብደቱን በመዳፋቸው ይመዝናሉ፣ ከዚያ «አንብቢልኝ» ይላሉ።

ያን ዕለት እጄ የገባው ከሁሉ ያረጀው ነበር፤ የ1795 ግማሽ ዶላር። ብሩ ጠቁሯል፣ ፊቱ በመዳሰስ ብዛት ሟሙቷል። በአንዱ ገጽ ጸጉሯን ሳትጎነጎን ወደ ኋላ የለቀቀች ሴት አለች። ከጭንቅላቷ በላይ «ነጻነት» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ፣ ከአንገቷ ሥር ዓመቱ፣ በግራና በቀኟ 15 ኮከቦች። በሌላው ገጽ በቅጠል አክሊል መሐል ክንፉን የዘረጋ ንስር ቆሟል። ዋጋው የትም የለም። አገላብጬ ፈለግሁት። «ጠርዙ ላይ ነው» አሉኝ፤ እውነትም ዙሪያውን በጠርዙ ላይ «ሃምሳ ሳንቲም ወይም ግማሽ ዶላር» ተብሎ ተጽፏል።

«ማን ናት ይህቺ ሴት?» አልኳቸው። «ንግሥት ናት?»

«ማንም አይደለችም» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ነጻነት ናት» አሉኝ።

ያን ማታ በአውቶቡስ ወደ ቤቴ ስመለስ ሁለቱ መልሶች አብረው አልሄድልኝ አሉ። ማንም አይደለችም። ነጻነት ናት። የሰው ፊት ያለው፣ አፍንጫና አገጭ ያለው፣ ግን የማንም ያልሆነ መልክ እንዴት ገንዘብ ላይ ይወጣል?

ብርና ስሙ

ጥያቄው ለእኔ ቀላል ያልሆነው ካደግሁበት የተነሣ ይመስለኛል። አያቴ ወሎ ውስጥ አንዲት ማርትሬዛ ብር በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ትይዝ ነበር። ሌሎቹ ጠገራዎቿ ዱሮ አንጥረኛ ዘንድ ሄደው መስቀልና አልቦ ሆነዋል፤ ይህችን ግን አላስነካችም። «እቴጌይቱ» ነበር የምትላት። ገበያ ላይ ብሩ እውነተኛ መሆኑን የሚያጣሩት የእቴጌይቱን የትከሻ ጌጥ ዕንቁዎች ቆጥረው እንደነበር የነገረችኝ እሷ ናት። ዘጠኝ ካልሞሉ ብሩን አይቀበሉም። እቴጌይቱ የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ ናት፤ የሞተችው በ1780 ነው፤ ብሯ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ ከሞተች በኋላም ሲመታ ኖረ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለውን ተረት በእጄ ይዤ የዳሰስሁት ያኔ ነው።

የእኛ ቋንቋ ገንዘብን በባለ መልኩ ይጠራል። ማርትሬዛ እንላለን፤ የምኒልክ ብር እንላለን። «ገንዘብ» ራሱም በአማርኛ መገበያያ ብቻ አይደለም። የራስ የሆነ ነገር ሁሉ ገንዘብ ነው፤ «ገንዘቡ አደረገው» ስንል የራሱ አደረገው ማለታችን ነው። ፊቱ ያለበት ሰው ባለቤቱ ነው። እኔም ስለዚህ ነው አዛውንቱን «ማን ናት?» ስል የጠየቅሁት። ብሩ የማን እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነበር።

ደግሞ የአያቴ ብርና የአዛውንቱ ሳንቲም ዘመዳሞች ናቸው። ዶላርና ታለር (የማርትሬዛ ብር የፈረንጅ ስሙ) አንድ ቃል ናቸው፤ ሁለቱም የመጡት በቦሂሚያ (በዛሬዋ ቼክ) ዮአኪምስታል ከሚባል የብር ማዕድን ሸለቆ ስም ነው። አሜሪካኖቹ ዶላራቸውን ሲወስኑ አገሩን ሞልቶት የነበረውን የእስፓኝ ብር መዝነው ነበርና 371.25 ግሬይን ንጹሕ ብር አደረጉት፤ 24 ግራም ያህል ማለት ነው። ከማርትሬዛ ንጹሕ ብር ጋር የአንድ ግራም ልዩነት እንኳ የለውም። ብሩ ያው ነው። የተለየው ፊቱ ነው።

የከበሮ ድምፅ ምን ይመስላል?

ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ካነበብኩት ሁሉ ልቤ የቀረው በማርች 1792 እዚሁ ፊላደልፊያ በተደረገ ክርክር ላይ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የሳንቲም ቤቱን፣ ማለትም የመንግሥት ገንዘብ የሚመታበትን ቤት፣ የሚያቋቁመው ሕግ ከሴኔቱ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ሲመጣ፣ በሳንቲሞቹ ላይ በሥልጣን ያለው ፕሬዚዳንት ራስ ይውጣ፣ ስሙም ስንተኛ ፕሬዚዳንት እንደሆነም ይጻፍ የሚል ነበር። ያኔ ፕሬዚዳንቱ ጆርጅ ዋሽንግተን ነው። ከዋሽንግተን በላይ የሚወደድ ሰው በአገሩ አልነበረም። ማንም ቢሆን እሺ የሚለው ሐሳብ ነበር።

የቨርጂኒያው ተወካይ ጆን ፔጅ ተነሥቶ ይህ ይውጣ አለ። በገንዘብ ላይ ራስን ማውጣት የነገሥታት ልማድ ነው፤ ለዛሬው ብናደርገው ነገ የሚመጣው ማን እንደሆነ አናውቅም የሚል ነበር መከራከሪያው። ከተናገረው ግን እኔን የያዘኝ ሌላው ነው። አይሁድ ለሮማውያን የገበሩት የቄሣር ራስ ባለበት ገንዘብ ነበር፤ የአሜሪካን ገንዘብ የፕሬዚዳንቶች ገንዘብ ልንለው ግን ምንም ምክንያት የለንም አለ። «ይህ መልክ፣ ጽሕፈቱስ የማን ነው?» የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ በቅዳሴ ስሰማው ኖሬአለሁ። የቄሣርን ለቄሣር። ፔጅ ያንን ጥያቄ ወስዶ፣ በእኛ ብር ላይ የሚመለስለት ቄሣር አይኑር አለ። በምትኩ ያቀረበው የነጻነት ምልክትና «ነጻነት» የሚለው ቃል ይውጣ የሚል ነበር።

የኒው ሃምፕሻየሩ ሳሙኤል ሊቨርሞር ሳቀበት። ፕሬዚዳንቱ ራሱ ጥሩ የነጻነት ምልክት ነው፤ ይህ ምልክት የምትሉት ግን ምን ዓይነት መልክ እንዳለው አላውቅም አለ። መንፈስ የከበሮ ድምፅ ቅርጽ አለው ተብሎ ነበር፤ ነጻነትም እንደዚያው ሊሆን ይችላል አለ። ይህን ሳነብ ብዙ ቆየሁ። ሊቨርሞር ሊያላግጥ ነው የተናገረው፤ ጥያቄው ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው። የከበሮ ድምፅ ምን ይመስላል? ንጉሥ ጢም አለው፣ ዘውድ አለው፣ ፊቱን አይቶ መቅረጽ ይቻላል። ነጻነት ማንን ትመስላለች? ለሠዓሊው ማን ይቀመጥለት?

የተወካዮች ምክር ቤቱ ፔጅን ተከተለ። ሴኔቱ አልቀበልም ብሎ መለሰው፣ ምክር ቤቱም ጸና፣ በመጨረሻ ሴኔቱ ተወው። ዋሽንግተን ሕጉን ኤፕሪል 2 ቀን 1792 ፈረመ። በአንድ ገጽ የነጻነት ምልክት፣ ቃሉና ዓመቱ፤ በብሩና በወርቁ ሌላ ገጽ ንስር። ስለ መልኳ ሕጉ ያለው ይህን ብቻ ነው። መልኳን ማግኘት የቀራጩ ዕዳ ሆነ።

ሞረዱ

ቀራጩ ከስኮትላንድ የመጣው ሮበርት ስኮት ነበር። ከሱ በፊት የሠራው ጆሴፍ ራይት በ1793 ፊላደልፊያን በጨረሰው ቢጫ ወባ ሞቷል። ስኮት የወረቀት ገንዘብና የካርታ መዳብ ሰሌዳ የሚቀርጽ ሰው ነው። አዛውንቱን ስለዚህ ስጠይቃቸው ሁለቱ ሙያዎች አንድ እንዳልሆኑ አስረዱኝ። መዳብ ላይ መሥመር ትስያለሽ፤ ለሳንቲም ግን በብረቱ ውስጥ ፊቱን ወደ ታች ትቆፍሪያለሽ፣ ጉንጩ ወደ ላይ እንዲወጣ ጉንጩን ታጎደጉጃለሽ። የዚያች ሴት ጸጉር እንደ መሥመር የወጣው፣ ፊቷ ትንሽ የደነገጠች የመሰለው ለዚህ ይሆን ብዬ አሰብሁ። እኔ ግን ፊቷን ወድጄዋለሁ። ያልተኳኳለ ፊት ነው።

ሕጉ ከወጣ በኋላ የብር ዶላር ለመምታት ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀ። ብር የሚይዙት ሹማምንት እያንዳንዳቸው 10,000 ዶላር ዋስ እንዲጠሩ ሕጉ ያዝዝ ነበር፤ የሚችል ጠፋ። በ1794 ዋስትናው ሲቀነስላቸው ነው ሥራው የተጀመረው። ኦክቶበር 15 ቀን 1794 የመጀመሪያዎቹ 1,758 ዶላሮች ወጡ። መምቻው በእጅ የሚዞር ጠመዝማዛ ነበር፣ ለዚያ ስፋት ላለው ብር ደግሞ አቅም አነሰው፤ በብዙዎቹ ላይ በግራ በኩል ያሉት ኮከቦች ደብዛዛ ናቸው። ከነዚያ አንዱ በ2013 በጨረታ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል።

የአዛውንቱ ግማሽ ዶላር ላይ በሴቲቱ ጉንጭ አግድም የሚሄዱ ቀጫጭን ጭረቶች አሉ። አንድ ክፉ ሰው የቧጠጠው መስሎኝ ነበር። አጉሊ መነጽሩን ሰጥተውኝ «አስተውዪ፣ ጭረቶቹ ትይዩ ናቸው» አሉኝ። ሞረድ ነው። ገና ሳይመታ ድቡልቡሉ ብር ሲመዘን ክብደቱ ከሕጉ ካለፈ፣ ትርፉን በሞረድ ያወርዱት ነበር፤ ከዚያ ሲመታ ጭረቱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው አንድ ሠራተኛ ሚዛን ላይ አጎንብሶ፣ አንዳች ብር ከሕዝቡ ላይ እንዳይበዛም እንዳያንስም ሲጠነቀቅ የተወው ምልክት ነው። ሕጉ ለዚህ ጥብቅ ነበር፤ የሳንቲም ቤቱ ሹም ሆን ብሎ ብሩን ቢያጎድል ወይም ቢሰርቅ ቅጣቱ ሞት ነው።

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ የፔጅን ሰዎች እያደነቅሁ ነበር የመጣሁት። በየሐሙሱ ያነበብሁትን ለአዛውንቱ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸውም የማላውቀውን ይጨምሩልኛል። ከዚያ ማስታወቂያውን አነበብሁ።

አሥር ዶላር

የመጀመሪያው የሳንቲም ቤት በሰባተኛው ጎዳና ላይ ነበር፤ ሕንፃዎቹ ፈርሰዋል። የዋሽንግተን የፕሬዚዳንትነት መኖሪያ ደግሞ በስድስተኛውና በማርኬት ጎዳና መጋጠሚያ አጠገብ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር አምስት ደቂቃ አይሞላም። ዛሬ በዚያ ቦታ በቤቱ ውስጥ ባሪያ ሆነው የኖሩ የዘጠኝ ሰዎች ስም በግንብ ላይ ተቀርጿል። አንዷ ኦኒ ጀጅ ናት።

ኦኒ የወይዘሮ ዋሽንግተን የግል ደንገጡር ነበረች፤ ልብሳቸውን የምትሰፋ፣ ጸጉራቸውን የምታሰናዳ። በፔንሲልቬንያ ከ1780 ጀምሮ ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ ሕግ ነበር፤ የአያቴ ብር ላይ ያለው ዓመት ነው። ከሌላ ግዛት የመጣ ሰው ባሪያውን ከስድስት ወር በላይ ካቆየ ባሪያው ነጻ ይወጣል። ስለዚህ ዋሽንግተን ሰዎቹን ስድስት ወር ሳይሞላ ከግዛቱ እያስወጣ ይመልሳቸው ነበር። በ1796 ጸደይ ቤተሰቡ ወደ ቨርጂኒያ ሊሄድ ሲሰናዳ፣ ኦኒ ለወይዘሮዋ የልጅ ልጅ ልትሰጥ እንደሆነ ሰማች። ሜይ 21 ቀን ቤተሰቡ እራት ላይ ሳለ ከቤቱ ወጣች።

የቤቱ አዛዥ በጋዜጣ አወጀ። ቀላ ያለች ክልስ፣ ፊቷ ጠቃጠቆ ያለበት፣ ዓይኗ እጅግ ጥቁር፣ ጸጉሯ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር፣ ቁመቷ መካከለኛ፣ ቀጠን ያለች፣ 20 ዓመት ገደማ። ለመኮብለል የሚያደርሳት ምንም በደል አልነበረም ይላል። በከተማው ወይም በወደቡ ባለ መርከብ ላይ ይዞ ላመጣት አሥር ዶላር ይከፈለዋል።

አሥር ዶላር።

ይህን ያነበብሁት ስልኬ ላይ ነው፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሜ። ወዲያው የመጣልኝ ሳጥኑ ነው። በዚያ ዓመት ፊላደልፊያ ውስጥ አሥር ዶላር በብር የሚከፍል ሰው ቢኖር፣ ከአምስት ደቂቃ መንገድ ላይ የተመቱ አሥር ብሮችን ሊቆጥር ይችላል። በእያንዳንዱ ላይ ጸጉሯን የለቀቀች አንዲት ወጣት ሴት። ከእያንዳንዷ ራስ በላይ «ነጻነት»። አሥር ጊዜ ነጻነት ተቆጥሮ አንዲት ጸጉሯ ጥቅጥቅ ያለ ልጅ ወደ ባርነት ትመለሳለች። አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ፣ አልተሳፈርሁም።

ሊቨርሞር ነጻነት ምን ትመስላለች ብሎ ነበር። ስኮት በጠባብ ክፍሉ ብረት እየቆፈረ መልኳን ሲፈልግ፣ በዚያው ሰፈር ልብስ የምትሰፋ፣ ኋላም ለመሄድ ዕቃዋን አስቀድማ ወደ ጥቁር ወዳጆቿ ቤት የምታሸጋግር ልጅ ነበረች። በመንገድ ተላልፈው ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ማንም አይቶ «ይህቺ ናት» አላላትም። ፔጅም ራሱ ትልቅ የባሪያ ጌታ ነበር። ይህን ሳውቅ ንግግሩን ሁለተኛ አነበብሁት፤ ከመጀመሪያው ይልቅ ከበደኝ። የተናገረው እውነት ነው፣ ገንዘብ የአንድ ሰው መሆን የለበትም። ሰውም የሰው ገንዘብ መሆን የለበትም። ይህን ሁለተኛውን አላለውም።

ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ቃሉ በብረት ተመትቶ ወጥቷል፤ በየገበያው፣ በየወደቡ፣ በየሰው መዳፍ ገብቷል። ባወጡት ሰዎች ልክ ተወስኖ አልቀረም። ኦኒ ጀጅ በመርከብ ኒው ሃምፕሻየር ፖርትስመዝ ደረሰች፤ የሊቨርሞር አገር ነው። ዋሽንግተን በግምጃ ቤቱ ሹም በኩል አስፈለጋት፣ አልሆነም። አግብታ ወለደች፣ ባሏና ልጆቿ ሞቱባት፣ በድህነት ኖረች፣ በ1848 ሞተች፤ በሕጉ እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ ኮብላይ ነበረች። በ1845 ለአንድ ጋዜጣ ስትናገር፣ እነሱ ወደ ቨርጂኒያ ለመሄድ ዕቃ ሲጭኑ እኔም ወዴት እንደሆነ ለማላውቀው ስሸክፍ ነበር፤ ወደ ቨርጂኒያ ከተመለስሁ ነጻነቴን መቼም እንደማላገኝ አውቅ ነበር አለች። በእንግሊዝኛው ያለችው ቃል በሳንቲሙ ላይ ያለው ያው ቃል ነው።

ቆቡ

የኋላውን አጠር አድርጌ ልለፈው። በ1795 መጨረሻ ያቺ ያልተጎነጎነች ሴት ቀርታ ትከሻዋ ላይ ልብስ የጣለች ሌላ ሴት መጣች፤ የሠዓሊው የጊልበርት ስቱዋርት ንድፍ ነው ይባላል። በ1807 ጀርመናዊው ጆን ራይክ የጨርቅ ቆብ አደረገላት፤ ቃሉም ከራስጌዋ ወርዶ ቆቡ መቀነት ላይ ተጻፈ። በ1836 ክርስቲያን ጎብረክት በቶማስ ሰሊ ንድፍ መሠረት ድንጋይ ላይ አስቀመጣት፤ በእጇ ዘንግ፣ በዘንጉ ጫፍ ቆብ።

የዘንጉ ቆብ በጥንት ሮም ነጻ የወጣ ባሪያ ያደርገው የነበረው ነው። ይህን የሚያውቁ ነበሩ። በ1850ዎቹ በዋሽንግተን ካፒቶል ጉልላት ላይ የምትቆመው ሐውልት እንዲህ ያለ ቆብ ሲደረግላት፣ የጦር ሚኒስትሩ ጄፈርሰን ዴቪስ ተቃወመ፤ ነጻ ሆኖ ለተወለደ ሕዝብ አይገባም አለ፤ ቆቡ ቀርቶ የጦር ቁር ተደረገላት። በሳንቲሞቹ ላይ ያለው ቆብ ግን አልተነሣም። ዴቪስ ኋላ ባርነትን ይዘው የተገነጠሉት ግዛቶች ፕሬዚዳንት ሲሆንም፣ በየሰው ኪስ ያለው የብር ግማሽ ዶላር የነጻ ወጣ ባሪያ ቆብ እንደያዘ ነበር።

በዘወትር መገበያያ ሳንቲም ላይ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የወጣው በ1909 ነው፤ ከፔጅ ክርክር 117 ዓመት በኋላ። ሊንከን ነው። ዋሽንግተን በሩብ ዶላር ላይ የወጣው በ1932 ነው።

ባለፈው ሐሙስ ሣጥኑን አወጣሁ። አዛውንቱ ግማሽ ዶላሩን ጠየቁኝ፣ መዳፋቸው ላይ አኖርሁላቸው። የኦኒን ታሪክ ነገርኳቸው፤ ማስታወቂያውን ከስልኬ ላይ በእንግሊዝኛው እንዳለ አነበብሁላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህ ከተማ የኖሩ ሰው ናቸው፣ አልሰሙትም ነበር። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን በሴቲቱ ራስ ላይ፣ ጸጉሯ ወደ ኋላ በሚፈስስበት በኩል፣ በቀስታ አሳለፉት።

«ጸጉሯ እንዴት ነበር ያልሽኝ?» አሉ።

«ጥቁር፣ ጥቅጥቅ ያለ» አልኳቸው።

«እስኪ እሱን ደግመሽ አንብቢልኝ።»

ደግሜ አነበብሁላቸው።